ከደባርቁ ዋልያ ያጎደልኋት ዓይን

ጉዞው አምና ይሁን ካቻምና በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ «አምና ነው፤ ጥጃዋ ሳትወለድ» ትላለች። እኔ ደግሞ ጥጃዋ በረት ውስጥ ስትጮህ ትቻት እንደ ወጣሁ ትዝ ይለኛል። ጥጃዋን መጠየቅ አይቻል ነገር። ወሩ ግን ጥቅምት ነው፤ ለዚህ ጉልበቴ ምስክር ነው። ደባርቅ ላይ የገባበት ብርድ እስከ ኅዳር ሚካኤል አልወጣለትም።

ይህን የምጽፈው ለናንተ ለወረታ ጎረቤቶቼ ነው። በእድሩ ድንኳን ሥር ስለዚያ ዋልያ ሳወራ አርባ ዓመት ሰምታችሁኛል፤ አርባ ዓመትም ስቃችሁብኛል። «ሁለት ዓይን ባንድ ጉንጭ! ጋሼ አስማረ ዛሬ ጠላው ዘልቋቸዋል» ያላችሁኝን አልረሳሁም። ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚሄድ እንደሌለም አውቃለሁ፤ ከጎንደር ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ በረዶ ነው የሚመስላችሁ። ስለዚህ ሄጄ ያየሁትን ላውራችሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዳዊቱንም ከመካከሉ ትቼዋለሁ፤ ዕድሜዬን ወፍጮ ቤት ስላሳለፍሁ ጆሮዬም ግማሽ ነው። ፊደሌ ቢጣመም እለፉኝ።

መጀመሪያ ዋልያውን። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ከጎንደር የሚመጣው መንገድ ደባርቅ ገብቶ ወደ ገበያው በሚታጠፍበት ቦታ፣ በድንጋይ መደብ ላይ የቆመ የሲሚንቶ ዋልያ ነበር። የሠሩት አለቃ ገላው የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ሲሥሉ ሊያሽካካ ነው ብለህ ጆሮህን ትሰጣለህ። በሲሚንቶ ግን ሠርተው አያውቁም። የጊዜው ሹም ለከተማው ጌጥ ይሁን ብሎ አዘዛቸውና ሠሩ። ቀንዱ የታጠፈ ብረት፣ ጺሙ ሳይቀር ያምር ነበር። ዓይኑ ላይ ሲደርሱ የሚያውቁትን ሕግ ተከተሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ዋልያው ደግሞ የቆመው በጎኑ ነው። ከጎንደር የሚመጣ ሰው አንዱን ጉንጩን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ አለቃ ሁለቱንም ዓይን በዚያው ጉንጭ ላይ ጎን ለጎን አደረጓቸው።

ሹሙ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አየ። «አለቃ፣ ምነው ዓይኖቹ ባንድ ወገን ሆኑ?»

«ዋልያ ማንን ሸጦ ነው ባንድ ዓይን የሚያየው?» አሉ አለቃ።

ችግሩ ሌላው ጉንጭ ነው። ባዶውን ቀረ። ከተራራው፣ ከቡይት ራስና ከበየዳ፣ ገብሱን በአህያ ጭኖ ለገበያ የሚወርደው ሰው የሚያየው ያንን ባዶውን ነው። የከተማው ልጆች «ለመኪና ያያል፣ ለአህያ ይታወራል» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። እናቴ ከተራራው የመጣች ናትና እኔን ያመኝ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱትን የሬንጅ ቆርቆሮ አገኘሁ። ጭራሮ ነክሬ፣ መደቡ ላይ ወጥቼ፣ በባዶው ጉንጭ ላይ ዓይን ሣልሁ። ሁለት ልሥል ነበር። አንዷን እንደ ጨረስሁ እናቴ «አስማረ!» ብላ ተጣራች። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ የምትጣራው በአርጩሜ ነው። ዘልዬ ወረድሁ።

አንድ ዓይን ቀረ እንግዲህ። በማግስቱ ገበያ ነበር። የተራራው ሰው ወረደና አየ። «ለጎንደር ሰው ጻድቅ፣ ለኛ ይሁዳ!» ብሎ ተቆጣ። አለቃ ገላው ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ይስማቸው። እኔም አፌን ዘጋሁ። ጥቂት ሳይቆይ አጎቴ ወደ ወረታ ወሰደኝ፤ እዚያ ሆኜ ዋልያው ፈረሰ፣ አለቃም ከተማውን ጥለው ሄዱ ሲሉ ሰማሁ። ለናንተ የሁለቱን ዓይን ወሬ አወራሁ እንጂ ሦስተኛዋን አንሥቼላችሁ አላውቅም።

በጾሙ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን «ይህን እኔ አልፈታውም፤ ሄደህ ለባለቤቱ፣ ባለቤቱ ከሌሉም ለዘራቸው ተናገር» አሉኝ። የሄድሁት ለዚህ ነው። ለባለቤቴ «ዘመድ ጥየቃ» አልኋት፤ አላመነችኝም።

ሐሙስ። ለሚቀበለኝ ሰው ብዬ አንድ ትንሽ ጆንያ የፎገራ ሩዝ ይዤ ከወረታ በጠዋቱ ተነሣሁ። እስከ ጎንደር ያለውን ታውቁታላችሁ። ጎንደር መነኻሪያ የዳባት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና ረዳቱ ጆንያዬን ከእግሬ ሥር ወተፈው። ከጎንደር ወዲያ መንገዱ ይወጣል፣ ደግሞ ይወጣል። እኛ አገር ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዴት መውረድ እንዳለበት ግራ ገብቶት ሩዙ ውስጥ ይተኛል፤ እዚያ ግን ሜዳ ቢፈልጉ አያገኙም፤ ሰዉ ኳስ የሚጫወተው እንዴት እንደሆነ እንጃ።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ሾፌሩ ለበግ ብሎ ፍሬን ሲይዝ ጆንያዬ ፈነዳ። ሩዙ በመኪናው ወለል ላይ ጎርፍ ሆነ። አፈርሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ቄስ ግን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ገለበጡና «በሉ እንልቀም፤ የእግዜር እህል ነው» አሉ። መኪናው ሙሉ ሰው ጎንበስ አለ። አንዲት ሴትዮ ከጫማዋ ውስጥ እያወጣች «አባባ፣ ይህ ምንድን ነው? ጤፍ ነው እንዳይሉ ትልቅ፣ ስንዴ ነው እንዳይሉ ነጭ» አለችኝ። ዳባት ስንደርስ ጃንጥላው ሞልቶ ነበር። ቄሱ ሌላ ጆንያ ገዝቼ ጃንጥላቸውን እስክመልስ ድረስ በፀሐይ ቆመው ጠበቁኝ። ሩዙ ውስጥ አንድ ቁልፍና ሁለት የሸሚዝ አዝራር ተገኝቷል፤ የማን እንደሆነ ዛሬም አላወቅሁም።

ዳባት ያደርሁት አቶ ደሴ የሚባል ሰው አልጋ ቤት ነው። ስገባ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ በስስ ጃኬት ነበርሁ። «አንቱ ከቆላ ነው የመጡት?» አለ። ከወረታ ነኝ ስለው «ታዲያ ያው ነው» ብሎ የራሱን ቡልኮ አምጥቶ ደረበልኝ። የፈላ ውሃም በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ በጨርቅ ጠቀለለና እግሬ ሥር አስገባልኝ። እኛ አገር ሰው የሚያስቸግረው ትንኝ ነው፤ እዚያ ትንኝ የለም፤ ትንኙም ብርዱን ፈርቶ ወረታ የወረደ ይመስለኛል።

ራት ላይ አለቃ ገላውን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አለቃ ገላው? ካረፉ ስንት ዓመታቸው! እዚሁ ነው የተቀበሩት። ምነው፣ ዘመድ ነዎ?»

«ይቅርታ የሚጠይቅ ነኝ» አልሁ።

አቶ ደሴ ጉርሻውን አዘገየው። «እንዲያ ከሆነ ልጃቸው አለች። ጥሩወርቅ። ቡይት ራስ ተድራ እዚያው ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ይቅርታውን ሲጠይቁ ግን ራቅ ብለው ይቁሙ።»

«ትማታለች?»

«ኧረ እጇስ ደግ ነው» አለ።

ዓርብ። ደባርቅ ገባሁ። ዋልያው የነበረበት ቦታ ባጃጅ ተራ ሆኗል። መደቡም የለም፤ ድንጋዩን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አልተገኘም። እዚያው ቆሜ ወዲህ ወዲያ ስል አንድ ጎረምሳ ጠጋ አለኝ። አንገቱ ላይ ወረቀት አንጠልጥሏል።

«ፋዘር፣ ትሬኪንግ ነው?»

«ዋልያ ፍለጋ ነው» አልሁት፤ እውነቴን ነው።

«ለዋልያ ጋይድና ስካውት ያስፈልጋል። ስካውቱ ጠመንጃ ይይዛል። ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ካልሆነ በቅሎ ልከራይልዎት።»

«የኔ ዋልያ የሲሚንቶ ነው፤ አይሮጥም።»

ልጁ ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየና «ይቅርታ ፋዘር፣ የሲሚንቶ ፓኬጅ የለንም» አለ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከመንገዱ ማዶ በአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠው ነበር። እነሱ ያውቃሉ ብዬ ተሻገርሁ። አንዱ «አንበሳ ነበር» አሉ። ሁለተኛው «ምን አንበሳ? ፍየል ነው፤ ቀንዱን ይዤ አድጌበት!» አሉ። ሦስተኛው ጭራሽ «እዚህ ቦታ ከጥንትም ምንም ቆሞ አያውቅም» አሉ። አንበሳና ፍየል ተጣሉና ወደኔ ዞሩ። «እስቲ አንቱ ፍረዱ፤ ዓይኑ ስንት ነበር?» ሦስት ነበር ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስሁት። «እኔ እንግዳ ነኝ» አልሁ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ስልሳ ዓመት የዋሸ ሰው አንድ ቀን መጨመር አይከብደውም።

በዚህ መካከል ጥርሴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ስሙን ሳይነግረኝ ገባና አንድ የድሮ ወታደር ካፖርት ይዞ ወጣ። «ባለቤቱ ሊያሳጥረው ሰጥቶኝ ከቀረ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሲመለሱ ይመልሱልኛል» አለኝ። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይወርዳል፤ የነሐስ ቁልፎቹ ያብለጨልጫሉ። ከዚያ በኋላ በከተማው ስሄድ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። ሁለት ፈረንጆችም ስካውት መስያቸው አብሬያቸው ፎቶ እንድነሣ ለመኑኝ። ቀጥ ብዬ ቆምሁላቸው። ምሳም ራትም ሽሮ በላሁ፤ ዓርብ ነውና። ሽሯቸው ከኛ ይወፍራል፤ ብርዱን ለመመከት መሰለኝ።

ቅዳሜ። ገበያው ገና ሳይሞላ ሽንኩርት ተራ ወረድሁ። ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ነው የሚያመጡት። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ጠይም፣ ጥርሷ ያልጎደለ አሮጊት ስታየኝ ጉንጉኗን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች።

«ቦታዬ ነው፤ አልነሣም! ባለፈውም ዘበኛ መጥቶ አልተነሣሁም» አለች።

«ዘበኛ አይደለሁም፤ ካፖርቱ ነው» አልሁ። «እቴ፣ የአለቃ ገላው ልጅ ጥሩወርቅ አንቺ ነሽ?»

«አንቱ ማነዎ?»

«አስማረ ነኝ። እናቴ ደስታ ትባላለች፤ ከገበያው ጥግ ጠላ ትሸጥ የነበረችው።»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «የደስታ ልጅ! ያ ንፍጡ የማይደርቀው?»

«አሁን ደርቋል።»

ሣቀች። ሳቋ ሳያልቅ ልናገር ብዬ ቸኮልሁ። «በዋልያው በባዶው ጉንጭ ያለችውን ዓይን፣ የሬንጇን፣ የሣልሁት እኔ ነኝ።»

ሳቋ ቆመ። ከጉንጉኑ አንድ ፍሬ ፈለቀቀች፤ ቀስ ብላ ላጠችው፤ በጥሬው አፏ ውስጥ አደረገችና አኘከችው። ዓይኗ እንኳ እርጥብ አላለም። እኔ ከማዶ ሆኜ አለቀስሁ፤ ከሽንኩርቱ ሽታ ነው።

«አንተ!» አለች። ከአንቱ ወደ አንተ ወረድሁ። ይገባኛል።

«ዋልያውም የፈረሰው በኔ ምክንያት ነው» አልሁ።

«እሱንማ መኪና ነው የገደለው! ገብስ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ገጨው። ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ እያየው ነው የወደቀ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስልሳ ዓመት የተሸከምሁት ኃጢአት የመኪና ሆኖ ሲገኝ ትንሽ ከፋኝ። ሰው የገዛ ጥፋቱንም ቢሆን ሲነጥቁት ደስ አይለውም። ጥሩወርቅ ፊቴን አየችና ጣቷን አነሣች።

«ቀለለኝ ብለህ እንዳትቀመጥ። ዋልያውን አልገደልህም፤ የገደልኸው አባቴን ነው። የቡይት ራስ ሰዎች አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው፣ ሥዕሉን አባቴ ሊሥለው ቃል ተገባብተው፣ ቀለሙ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ያንተን ዓይን ካዩ በኋላ ቀለሙን በዚያው በወጣበት አህያ ጭነው መለሱት። ‹በይሁዳ ዓይን ያየን ሰው የመድኃኔ ዓለምን ፊት አይሥልልንም› ብለው። ዳባት ወርዶ እዚያ ሠራ። ግን እስኪሞት ድረስ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነበር።»

«አንቺስ ታዲያ እንዴት እዚያው ተዳርሽ?»

«ባሌ ዳባት ሽንኩርት ሊሸጥ መጥቶ አየኝ፤ ነፍሱን ይማረው፣ እሱ ዓይን አልመረጠም። አማቴ ግን ከደጅ ጀምራ ‹የይሁዳ ሣይ ልጅ መጣች› ብላ ተቀበለችኝ። እሷ ስትሞት ምላሷ አልሞተም፤ ለምራቶቿ አውርሳው ሄደች። ዛሬ የልጅ ልጅ አድርሼም በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ነው።»

ልንበረከክ አንድ ጉልበቴን ሳጥፍ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተው፤ መነሣት ያቅትህና ገበያዬን ትዘጋብኛለህ። ለኔ አይደለም የምትናገር። ነገ ቡይት ራስ ሰንበቴ አለ፤ ደብሩ በሙሉ ይሰበሰባል። እዚያ ትናገራለህ።»

«ላንቺ ለብቻሽ መናገሬ አይበቃም?»

«ስልሳ ዓመት ለብቻህ ስትናገረው ኖርህ። ምን አተረፍህ?»

ፈራሁ። ለንስሐ አባት መናገር በጆሮ ነው፤ ሰንበቴ ላይ ግን የእናቴ አገር ሰው ሁሉ፣ ጠላውን ይዞ፣ ዳቦውን እየቆረሰ ይሰማኛል። ከገበያው ሾልኬ ልመለስ አሰብሁ። ግን ካፖርቱ የሰው ነው፤ ሩዙንም ለጥሩወርቅ ቃል ገብቻለሁ። ደግሞስ ለንስሐ አባቴ ምን እላቸዋለሁ?

ከሰዓት በኋላ ከገበያ ተመላሽ በአይሱዙ ወጣን። በጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የሚመጣው ገደል በስተግራችን ነበር አሉኝ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ልነግራችሁ አልችልም። ጭላዳዎች ግን አይቻለሁ፤ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ አንዱ ካፖርቴን አይቶ ተነሣልኝ።

የጥሩወርቅ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው። ገብቼ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ከጓዳው በር አጠገብ አንድ ነገር አየኝ። አዎ፣ አየኝ። የዋልያው ጭንቅላት ነው። በሁለቱም ቀንዶቹ ላይ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ተሰቅሎበታል፤ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ጉንጭ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ልክ ለናንተ እንዳወራሁት! ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ያኔ አለመኖራችሁ ቆጨኝ። ሌላኛው ጉንጩ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«አባቴ ስብርባሪውን ትቶ ጭንቅላቱን ብቻ በአህያ ዳባት ወሰደው» አለች። «ሬንጁን ሊፍቀው ሞከረ፤ እንቢ አለው። ሹሙ ‹አንድ ዓይን ጨምርበትና ነገሩ ይብረድ› ብሎት ነበር፤ ያኔ ገና መኪናው ሳይገጨው። አባቴ ግን ‹የጨመርሁ ቀን የመጀመሪያዋንም የሣልኋት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። የጀመራት ሰው ይጨርሳት› አለ።»

ራት ላይ ሩዙን እንደ ገንፎ አገነፋችው፤ መካከሉን ጎድጉዳ ቅቤ አፈሰሰችበት። እንዲህ አይበላም ልላት ነበር። ቀመስሁት። ከዚያ በኋላ ወረታ ተመልሼ ባለቤቴን እንደዚያ አድርጊልኝ ብላት «ተራራው አበላሽቶህ መጣ» አለችኝ።

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለው ሰፊ ዳስ ሥር ሰንበቴው ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ትልቅ የገብስ ዳቦ ተቆረሰ፤ ጠላው ዞረ። በመካከል ላይ አባ ይርጋ የሚባሉ ሰማንያ ያለፋቸው ቄስ ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ሆና በአገጯ «ተነሣ» አለችኝ።

ስነሣ የካፖርቴ ጫፍ የጎረቤቴን ዋንጫ ገለበጠው። ጠላው ጭኑ ላይ ፈሰሰ። «ምን አባቱ ነው ይህ ዘበኛ!» አለ ሰውዬው። ሳቁ። እኔም መግቢያ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝና እንዲሁ አፈረጥሁት።

«የደባርቁን ዋልያ የምታስታውሱት ካላችሁ፣ በባዶው ጉንጩ ላይ አንዲት ዓይን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አለቃ ገላው አይደሉም። ልጅ ነበርሁ። ሁለት ልሥል ነበር፤ እናቴ ተጣራችና አንዷን ትቼ ወረድሁ። ከዚያ ፈርቼ ዝም አልሁ። የተሰደባችሁት በሳቸው አይደለም፤ ይህች ሴትም የይሁዳ ሣይ ልጅ አይደለችም።»

የሚያኝክ ጥርስ እንኳ አልተሰማም፤ ወይም ጆሮዬ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ አባ ይርጋ።

«የደስታ። የይመር ልጅ፣ የደስታ። የዚሁ ደብር ልጅ ናት።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ድምፅ «ኧረ የይመር የልጅ ልጅ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ዞረ፤ የይመር ዘሮች ስድስት ሰባት ሆነው እዚያ ተደርድረዋል። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

አባ ይርጋ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያ የሰደበን የገዛ እህታችን ልጅ ነዋ!»

«ልሰድባችሁ አልነበረም፣ አባቴ» አልሁ። «እናንተንም እንዲያያችሁ ብዬ ነበር።»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወንዶቹን አልፈው ወደ ሴቶቹ ወገን ሄዱ፤ እንደዚያ ሲያደርጉ ታይተው አያውቁም አሉ። ጥሩወርቅ ፊት ቆሙ።

«ቀለሙን የመለስሁት እኔ ነኝ። ዲያቆን ነበርሁ፤ አህያዋን እየነዳሁ ያወረድኋት እኔ ነኝ። አባትሽ ቆሞ ሲያራግፍ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ ይቅር በይን።»

በስሟ ጠሯት። እሷ ተነሣች፤ መስቀላቸውን ተሳለመች። መልስ ስትጠብቁ ግን ምን ብትል ጥሩ ነው?

«አባቴ ቀለሙን ሲቆጥር ቀዩ ጎድሎ ነበር፣ አባ።»

«አዎ፣ አዎ» አሉ አባ ይርጋ። «አህያዋ ወንዝ ላይ ተንከባለለች። ቀዩ ፈሰሰ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።»

ያን ጊዜ ሰንበቴው ፈነዳ። ሰው ዳቦ በአፉ ይዞ ሳቀ። ጥሩወርቅም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሰደደች። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያላስለቀሳት ሴት!

ካሣው ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ በግ ይግዛ አለ፤ አንዱ ይስገድ አለ። አባ ይርጋ እጃቸውን አነሡ። «የጀመረውን ይጨርስ» አሉ። አለቃ ገላው ስለ ዓይኗ የተናገሩትን አልሰሙም ነበር፤ ከራሳቸው ነው ያመጡት።

ሁለት ጎልማሶች ጭንቅላቱን በቀንዱ ይዘው ከነሽንኩርቱ አመጡት። የድስት ጥላሸት በኑግ ዘይት ተለወሰ። ጥሩወርቅ ከፍየል ጭራ ጥቂት ፀጉር ቆርጣ በስንጥር ላይ በክር አሰረች፤ አባቷ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ከፊቴ ያ ጉንጭ፤ የኔዋ ዓይን እስካሁን እንደ ጠቆረች ብቻዋን ታየኛለች። ትንሽና ጠማማ ናት። አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዓይን ናት።

ስንጥሩን ነክሬ ጉንጩ ላይ ሳሳርፈው ጭረቱ ወደ ላይ ሸሸብኝ። ከላዬ የቆመው ሰው ሁሉ አስተማሪ ሆነ።

«ዝቅ፣ ዝቅ!»

«ግንባሩ ላይ ሊያወጣት ነው እንዴ?»

«ይመርም እንዲሁ ነበር፤ ማረሻው ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም!»

ጥሩወርቅ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና አንጓዬን ያዘች። «ትንፋሽህን ያዝ» አለችኝ በቀስታ። «አባቴ ዓይን ሲሥል አይተነፍስም ነበር።» ትንፋሼን ያዝሁ። እጇ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ጠንካራ ነው፤ የሚሸተውም ያንኑ ነው። ክብ ሠራን፤ መካከሏን ሞላን።

ዓይኗ ከመንታዋ ትልቅ ሆና ወጣች፤ አንዷ ቤተ ክርስቲያኑን ታያለች፣ ሌላዋ ዳቦውን። አባ ይርጋ ዞረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ራቅ ብለው አዩት።

«አሁን ለኛም ጻድቅ ነው» አሉ።

«ትንሽ የጠጣ ጻድቅ» አለ ጠላ የደፋሁበት ሰው።

ደብሩ ጭንቅላቱን መንገድ ዳር እናቁመው ብሎ ነበር። ጥሩወርቅ «ሽንኩርቴን የት ልስቀል?» ብላ አልሰጠችም። ቤቷ ስትመልሰው ግን ከጓዳው አውጥታ በር ላይ አደረገችው፤ የሬንጇንና የጥላሸቷን ዓይንም ወደ መንገዱ አዞረቻቸው። ሰኞ ስወርድ፣ ገብስ የጫነ አንድ ሰው አህያዎቹን አቁሞ እየሣቀ ሲያየው ደረስሁ። ካፖርቱን ለልብስ ሰፊው መልሼ፣ ዳባት ላይ አቶ ደሴን አመስግኜ ገባሁ።

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ በጣቶቼ ላይ ጥላሸቱን ይዤላችሁ መጥቼ ነበር፤ ባለቤቴ በሳሙና አስለቀቀችው። እንግዲህ የደባርቁ ዋልያ አራት ዓይን አለው፤ ብትፈልጉ ሳቁ። ሁለቱ የአለቃ ገላው ናቸው። አንዷ የኔ ናት። አራተኛዋን የኔ ናት ብል ግን እንደገና መዋሸት ይሆንብኛል፤ አንጓዬን ይዛ፣ ትንፋሼን አስይዛ ያሣለችኝ ጥሩወርቅ ገላው ናት።